ቆመው የዋሉት ሽማግሌዎች

የብልባላ ገበያ የዋለ ዕለት ነው፣ ልጆቼ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡና ከደጄ ቆሙ። እናኑ ጓዳ ውስጥ ናት፤ ባሏ ክንዷን ሰብሮት፣ ወጌሻ አስሮላት፣ እኔ ዘንድ ከገባች አራተኛ ቀኗ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው፣ «እሷን እሰዳለሁ ካላልሽ አንቀመጥም» አሉኝ።

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ሰው አፍሮ እሺ ይላል። እኔም በልጅነቴ አፍሬ ወደ ባሌ ተመልሻለሁ። ይኼ የግንባሬ ጠባሳ ከተመለስኩ በኋላ የመጣ ነው።

«እንግዲያው ቁሙ» አልኩና እንዝርቴን አነሳሁ።

ፀሐዩ ከረረ። ጎረቤቶቼ ከገበያ ሲመለሱ አንድ አንድ እያሉ ገብተው መደቡን ሞሉት። አንዷ በጆሮዬ የሆነ ነገር ሹክ አለችኝ። እኔም መፍተሌን ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ሞላ፣ መቆም አቃታቸው። «እስቲ ልቀመጥ» ቢሉ፣ ወዴት! ቦታ የለም።

«አያ ሞላ፣ እኛ ስንቱን ዘመን ችለናል፤ እርስዎ ለዛሬ ይቻሉት» አለች ጎረቤቴ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አያ ሞላ ተቆጡ። «ብርቄ! ለምራትሽ ስትይ የገዛ ልጅሽን ትዳር ታፈርሻለሽ?»

«ክንዷን ሲሰብር ያፈረሰው እሱ ነው» አልኳቸው። «ደግሞስ ለማን ልትወስዷት ነው? ማልጄ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከስሼዋለሁ። እናንተ እዚህ ቆማችሁ ስትለምኑ፣ ልጄን ከገበያው መሀል ይዘውታል።»