ጋሼ ያልቀቡት ጎን

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ፊልም ላይ ያዩትን ብስክሌት ከአሮጌ ዕቃ አስመስለው መሥራት ይወዱ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ሐኪም የሚነዳውን ቀይ ብስክሌት ቀጨኔ ግቢያችን ውስጥ ሠሩት። ቀለም የቀቡት ግን በግራ በኩል ብቻ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃ መጣና ብስክሌቱን በጥርጣሬ ዞረው።

«ግማሹን ብቻ ቀይ ማድረግዎ ምን ለማለት ነው?» አላቸው።

ያኔ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው ሊታሰር ይችል ነበር። እናቴ ደንግጣ «ይቀቡታል፣ ዛሬውኑ ይቀቡታል!» አለች።

ጋሼ ግን «ፊልሙ ያሳየው ይሄኛውን ጎን ብቻ ነው፤ ደጋግሜ ገብቼ አይቻለሁ። ያላየሁትን እንዴት ብዬ እቀባለሁ?» አሉት።

ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ምናልባት በዚያ በኩል የመድኃኒት ሣጥን ይኖረው ይሆን?»

የጋሼ ፊት በራ። እስኪመሽ ሲከራከሩ ዋሉ።

ጋሼን ከቀበርን በኋላ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ፊልሙ ላይ ብስክሌት ሲያልፍ «ጋሼ፣ በዚያ በኩል ምን ይኖር ይሆን?» ብዬ ዞር አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው «እኔን ነው?» አለኝ።