ሆምጣጣው ቤት

ኤርበንሮት በባቫሪያ ጫፍ፣ ከጫካው ሥር ያለች መንደር ናት። ሰዉ ቢራ የሚጠምቀው በማኅበር ነው፤ አንድ የጋራ መጥመቂያ ቤት፣ አንድ ትልቅ የመዳብ ድስት አለ። የመጥመቅ መብት ያላቸው ቤቶች ብቅሉን አብረው ይቀቅሉና ፈሳሹን ተካፍለው በየምድር ቤታቸው ያብላሉታል። ከዚያ ተራው የደረሰ ቤት “ቢራ ደርሷል” የሚል ምልክት የሆነውን ኮከብ በደጁ ሰቅሎ ሳሎኑን ለጠጪ ይከፍታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብቅሉ አንድ፣ ድስቱ አንድ፣ እርሾው እንኳን አንድ ነው። ይሁንና “የኦትማር ቢራ ማር ነው፣ የሪደር ቤት ሆምጣጣ ነው” የማይል ሰው በመንደሩ ተፈልጎ አይገኝም።

የሪደር ቤት ማለት የዋልቡርጋ ቤት ነው። ስሙን ያጠፉት አማቷ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ባልታጠበ በርሜል ቢራ ሞልተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዓመት በዓል ቀን መንደሩን ሁሉ ሆዱን አስይዘው ወደ ጓሮ አስሮጡት። ዋልቡርጋ ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። እሷ ምን አጠፋች? ምንም! ባሏ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲሞት ግን ቤቱም፣ በርሜሉም፣ መጥፎው ስምም ለሷ ቀረ።

ሴትዮዋ እጅ አልሰጠችም። አሮጌዎቹን በርሜሎች አውጥታ ፈልጣ ማገዶ አደረገቻቸው። ምድር ቤቱን ኖራ አስቀባች። አዲሶቹን በርሜሎች በፈላ ውሃ ሦስቴ ታጥባለች፤ ኦትማር የሚያጥበው አንዴ ነው፣ እሱም ትዝ ሲለው። ታዲያ ተራዋ ሲደርስ የሚመጡት የእህቷ ልጅ፣ ፖስተኛውና መንገድ የጠፋባቸው እንግዶች ናቸው። በጭስ የደረቀ ሥጋና ዳቦ ታቀርባለች፣ ሥጋው ያልቃል፣ ቢራው ይተርፋል።

በመከር የጠማቂዎቹ ስብሰባ ላይ ኦትማር ተነሣ።

“ዋልቡርጋ፣ አትቀየሚኝና የኅዳሩን ተራሽን ልቀቂልኝ። ሰው አይመጣልሽ፣ ለምን በከንቱ ትደክሚያለሽ?”

“ምን ቆርጦኝ!”

“ሆምጣጣ ነዋ! ያልኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ ሕዝቡ ነው።”

“ካንድ ድስት ተቀድቶ እኔ ቤት ሲገባ የሚኮመጥጠው በአስማት ነው?”

“ፊትሽን አይቶ ይሆናላ!” አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዋልቡርጋ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። “እንግዲያውስ ቤቱ ሳይታወቅ ይቀመስ” አለች። “የኔው ከኮመጠጠ የኅዳሩን ብቻ አይደለም፣ ተራዬን እስከ ወዲያኛው እለቃለሁ።”

አሁን የሚስቅ ጠፋ። የመጥመቅ መብት አንዴ ከቤት ከወጣ አይመለስም፤ እሷ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አባባ ኮርቢኒያን ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸው ወደ ኦትማርም ወደ ዋልቡርጋም ምድር ቤት ወርደው ከየቤቱ አንድ አንድ ማሰሮ ቀዱ። በአንዱ ቀይ ክር፣ በሌላው ነጭ ክር አሰሩ። የትኛው የማን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ከባርኔጣቸው ሥር ከተቱ።

ዘጠኝ ወንዶች ቀመሱ። “ነጯ የኦትማር ናት! ማር!” አለ የመጀመሪያው። ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛውም። ኦትማር ራሱ ጺሙን ላሰና “የገዛ ልጄ ትጠፋኛለች እንዴ?” አለ። ቀይዋን ሲቀምሱ ደግሞ አንድ በአንድ ፊታቸውን አጨማደዱ።

“አንቺም ቅመሺ እንጂ፣ ልጄ” አሉ አባባ ኮርቢኒያን።

ዋልቡርጋ ቀይዋን ተጎነጨች። ኮመጠጣት፤ ያ የምታውቀው፣ ስንት ዓመት ያሸማቀቃት ጣዕም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ቀይዋ የኔ ናት” አለች። “ኮምጥጣለች። ቃሌ ቃል ነው።”

አባባ ኮርቢኒያን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዘረጉ። ሁለቴ አነበቡት።

“ነጯ፣ ሪደር። ቀይዋ፣ ኦትማር።”

“ማሰሮው ተቀያይሯል!” ብሎ ጮኸ ኦትማር።

“ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቀጣፊ ልትለኝ ነው?”

ከወንዶቹ አንዱ ነጯን አንሥቶ ደግሞ ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ። “እንግዲህ... አሁን ልብ ብዬ ሳያት ትንሽ ኮምጠጥ ትላለች።”

ጉድ በሉ! አሁን ማር ያላት እሱ ራሱ ነው እኮ!

ዋልቡርጋ ግን በሱ አልተናደደችም፤ የተናደደችው በራሷ ነው። “እሱ ምን ያድርግ” አለች። “እኔስ? በእጄ አጥቤ፣ በእጄ ሞልቼ፣ የሰው ቢራ ቀምሼ ሆምጣጣው የኔ ነው አልኩ። ለካ ለሰው ኩባያ ባቀረብኩ ቁጥር ‘ካልጣፈጠህ ይቅርታ’ ስል ነው የኖርኩት። ስማችንን ሳጠፋ የከረምኩት እኔው ነኝ።”

“ቢሆንም ቃሌ ቃል ነው ብለሻል” አለ ኦትማር ቀስ ብሎ።

“ያልኩት የኔው ከኮመጠጠ ነው። የኮመጠጠው ያንተ ነው።” ወደ አባባ ኮርቢኒያን ዞረች። “የኅዳሩ ተራ የኔ ነው፣ አባባ፤ የሚቀጥለውም የኔ ነው። የመጣ ይጠጣል። ፊቱን ላጨማደደ ደግሞ ይቅርታ አልልም፣ እደግምለታለሁ!”

ሽማግሌው በመዝገቡ ላይ ስሟን ጻፉ። ዋልቡርጋ ነጭ ክር የታሰረባትን ማሰሮ ብድግ አድርጋ፣ ሁሉም እያያት፣ የራሷን ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ጠጣች።