የሸረሪቷ ሥዕልና የማዋለጃ ክፍሉ ውሃ

ሸረሪት እንላታለን። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ፣ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው ባልደረባዋ ነኝ፤ ሲያንሳት ነው።

ወደ ውሃ መሥሪያ ቤታችን የገባችው በጸሐፊነት ነው። ሥራዋ የቧንቧና የቫልቭ ቅጾችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ያደነዝዛል፤ እሷን ግን ጭራሽ ልቧን ሰረቀው። መዝገባችን የሚቀመጠው ግራፍ ዳታቤዝ በሚባለው ውስጥ ነው። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቱ ከየቱ ጋር እንደተያያዘም ይይዛል፤ ታንከሩን ከቧንቧው፣ ቧንቧውን ከቫልቩ፣ ቫልቩን ከሰፈሩ። ችግሩ፣ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ጥያቄ ሲጻፍለት የሚመልሰው በዝርዝር መሆኑ ነው። አንድ ነገር ጠይቀውት ሦስት መቶ መስመር ያወርዳል። ዓይኗ እስኪቀላ ካነበበች በኋላ፣ ይሄ መልስ ነው ወይስ ቅጣት ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ የምሳ ሰዓቷን ሠዋች። ሳንድዊቿን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እየጻፈች፣ ከኢንተርኔት እየተማረች፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራች። ያንኑ ጥያቄ ትጽፋለች፤ ጫፉ ላይ አንዲት ቃል ትጨምራለች፤ ዝርዝሩ ነጥብና መስመር ሆኖ፣ ድር ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የወጣላት ቀን ከወንበሯ ተነሥታ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው። እናቷ እስከ ዛሬ ድረስ ልጃቸው ቧንቧ የምትጠግን ይመስላቸዋል፤ ማጠቢያቸው በተደፈነ ቁጥር ይደውሉላታል። ኃላፊያችን ደግሞ ሥዕሉን ባየ ቁጥር፣ እዚህ የተቀጠርነው ልንሥል ነው እንዴ እያለ ያልፋታል። እሷም መሣሏን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዋናው መስመር ፈነዳ። ኃላፊው ዝርዝሩን አይቶ በዙሪያው ያሉትን ቫልቮች አስዘጋ። ጎርፉ ቆመ፤ ከጎርፉ ጋር ግን ከዚያው መስመር የሚያገኘው የሰፈሩ ክሊኒክ ውሃም ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የክሊኒኩ ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ አዋላጅ ደወለች። ሦስት እናቶች ምጥ ላይ ናቸው፣ አንዷ ቀዶ ጥገና ትፈልጋለች፣ በታንከሩ የቀረው ውሃ ደግሞ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ጥገናው እስከ ማታ ይፈጃል። ያለን አንድ ቦቴ ጋራዥ ገብቷል። ኃላፊው ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ ክሊኒኩ ሌላ መስመር የለውም አለ።

ሸረሪት በክሊኒኩ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ጠየቀች፤ ቃሏን ጨመረች። ሥዕሉ ወጣ። የተዘጉት ቫልቮች በቀይ፣ የተከፈቱት በአረንጓዴ። ሁላችንም መሐሉን፣ የተወሳሰበውን ስናይ እሷ ጣቷን ዳር ላይ አሳረፈች። ከክሊኒኩ የወጣ አንድ መስመር ቫልቭ ቁጥር 214 ላይ ደርሶ ያልቃል። ከኮረብታው ታንከር የመጣ ሌላ መስመር ደግሞ ቁጥር 77 ላይ ደርሶ ያልቃል። እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። በዝርዝሩ ላይ በመካከላቸው ሁለት መቶ ረድፍ ያህል ስላለ አጠገብ ለአጠገብ ያያቸው የለም።

«ማነው መሬት ቆፍሮ ቧንቧ ወደ ባዶ ሜዳ የሚቀብር?» አለች።

የሁለቱን አድራሻ አወጣች። ሁለቱም የድሮው ወፍጮ ቤት ጥግ ይላሉ። ወዲያው ጡረታ ወደወጡት የድሮ የቫልቭ ሠራተኛችን፣ ጋሽ ቫልቭ ወደምንላቸው ደወልን። ነገሩን ስንነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በእሳቸው ዘመን የምሥራቁና የምዕራቡ ቡድን አይነጋገሩም ነበር አሉ፤ ድንበር ላይ ያለውን ቫልቭ ሁለቱም በየራሳቸው ቁጥር ሰጥተው በየራሳቸው ቅጽ ሞሉት።

«አንድ ቫልቭ ነው የኔ ልጅ። የዘጋሁት እኔው ነኝ። ሁለቱም የኔ ነው ስላሉ ደፍሮ የከፈተው የለም። ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ እንዳትሰብሩት።»

ሸረሪት ሁለቱንም ቅጽ ቃል በቃል የገለበጠችው ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት ጆሮዋ ቀላ።

ኃላፊው አመነታ። የኮረብታው ውሃ በፈነዳው በኩል ቢፈስስስ ብሎ ጠየቃት። ቀዮቹን ነጥቦች አንድ በአንድ አሳየችው፤ የፈነዳው መስመር ዙሪያውን ተዘግቷል፤ መውጫ የለውም። ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ሬዲዮውን አንሥቶ ክፈቱት አለ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የመስክ ሠራተኞቹ በሬዲዮ ክዳኑን አገኘነው አሉ። ዝጓል አሉ። ዞረ አሉ። ከዚያ ዝም። ሸረሪት ጥፍሯን ስትበላ እኔ የራሴን ጨርሼ ነበር። አዋላጇ ያለችው አንድ ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ መጠበቁ ያቃታት ሸረሪት ራሷ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ደወለችና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አደረገችው። አንድ ሰው አነሣው። ንግግር የለም፤ ከባድ፣ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከድምፁ በላይ፣ አዋላጇ ጮክ ብላ ስትናገር ተሰማን።

«በኋላ ደውሉ፤ እጄን እየታጠብኩ ነው።»