ሚስቴ ከካምፑ ማዶ የቆየችባቸው ሦስት ቀናት

ወታደር ስሆን ካገባሁ ገና ዓመት ከመንፈቄ ነበር። አገሬ ከቡሬ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ሚስቴን ከእናቴ ቤት አጠገብ ባቆምሁት ጎጆ ትቻት ሄድሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳዎቹ ወደ ማለቂያው። ሥልጠናዬን በሩቅ አገር ጨርሼ ሁለት ዓመት ያህል ወዲያ ወዲህ ስል ከቆየሁ በኋላ፣ ጦራችን ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ከላህ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ድንኳን ተክሎ ሰፈረ። ቤቴ የሁለት ቀን መንገድ ሆነልኝ። ፈቃድ ግን የሚሰጠው በተራ ነበርና የእኔ ተራ ቶሎ የሚደርስ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ውሸት ልናዘዝ። ለሚስቴ በማስጽፈው ደብዳቤ ሁሉ መትረየስ ተኳሽ ነኝ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር የጭነት በቅሎዎች ጠባቂ ነበርሁ። መኪና ወደማይገባበት ጣቢያ ስንቅ የሚያመላልሱ ስድስት በቅሎዎች ነበሩን። ማለዳ ወንዝ አወርዳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ገብስ እሰፍርላቸዋለሁ፣ ኮርቻቸውን እጠግናለሁ። ጠመንጃዬ አብዛኛውን ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። የገበሬ ልጅ ነኝና ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ለሚስቴ መንገሩ ነው። አገር ቤት የምሠራውን ለመሥራት ነው ወይ ጎጆዬን ጥዬ የመጣሁት? ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ አስር አለቃ እውነቱን እያወቀ፣ "መትረየስ" የምትለዋን ቃል ጎላ አድርጎ ይጽፍልኝ ነበር።

የመስቀል ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር አለቃው ጋር ከካምፑ በር ማዶ ወዳለው ጠላ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ ባሏ የሞተባት ጎልማሳ ሴት ናት፤ እንደ ልጆቿ ነበር የምታየን። መደቡ ላይ እንደተቀመጥን ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሴት መጥታ ትቀዳልኝ ጀመር። አዲስ ሰው ቀጥራለች ብዬ ቀና ብዬም አላየኋት። ጠላው ሞልቶ ሲፈስ ግን ዓይኔ እጇ ላይ አረፈ። አመልካች ጣቷ ላይ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ አለ። በተጋባን በመጀመሪያው አጨዳ ነው የተቆረጠችው፤ በጨርቅ ያሰርሁላትም እኔው ነበርሁ።

"ምነው፣ አይጠጡም?" አለችኝ።

ዋንጫውን ሳልቀምስ መልሼ አስቀመጥሁት።

"ምን ሆንህ? ዝንብ ገብቶበታል?" አለ አስር አለቃው።

"ሚስቴ ናት።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ባለቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ብላ "እውነቱን ነው፤ እዚህ ከመጣች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው" ስትለው ግን ሳቁን ዋጠና ዋንጫውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣልን።

"ሦስት ቀን! ምን ስትሠሪ?"

"ሳይዎት።"

የጠላ ቤቱ ጓሮ ከፍታ ላይ ነው። ከአጥሩ ሥር የቆመ ሰው የበቅሎዎቹን በረት፣ የወንዙን መውረጃ፣ የድንኳናችንን ደጅ ሳይቀር ያያል። ሚስቴ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ቡሬን አልፋ ስትደርስ ዘበኛው "ሴት አይገባም፣ ነገ አስጠራልሻለሁ" ብሎ መለሳት። በማግሥቱ ሊያስጠራላት ሲል ግን እሷ ራሷ "ትንሽ ይቆይ" አለችው። ወታደር የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ለማየት ልቧ ከጅሎ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ። ወጥ የሚሠራው ያ ጺማም ሰውዬ ሚስት አለው ወይ? ሽንኩርት መክተፍ ማን አስተማረው? ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም የሚሮጠው ማን መጣ ብሎ ነው?

"ያቺን ዳማ በቅሎ ሲያጥቡስ ምን ይሏታል? ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅዎ ግን አይሰማኝም።"

"ምንም" አልሁ። የማወራላት ስለ ቤቴ ነበር፤ እሱን መናገር አፈርሁ።

የፈራኋት ጥያቄ መጨረሻ ላይ መጣች። "መትረየሱስ የቱ ነው?"

"መትረየስ የለኝም" አልኋት መሬት መሬት እያየሁ። "በቅሎ ጠባቂ ነኝ።"

"እሱንማ አየሁ።" ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። "ደብዳቤዎን መሪጌታ ሲያነቡልኝ መትረየስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠላት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን የያዘውን ሰው ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በወግ ከጉሮሮዬ ወርዶ አያውቅም። ለማርያም ጃንጥላ ተስያለሁ።"

"ተናደድሽብኝ?"

"የመጀመሪያውን ቀን አዎ። አሁን ግን የጨነቀኝ የበቅሎዋ ነገር ነው። ጀርባዋ ተገጥቧል፤ ሲጭኗት ትሸሻለች። አይታይዎትም?"

ይታየኝ ነበር። ኮርቻው የላጠውን ቁስል የካምፑን መድኃኒት ብቀባው ብቀባው አልድን ብሎኝ ነበር። አስር አለቃው ደጅ ሆኖ ሲሰማ ኖሮ ወሬውን ለሻምበሉ አደረሰው። ሻምበሉ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ከካምፑ በር ድረስ መጣና በቅሎዋን አስመጣ፤ ሚስቴንም አስጠራት። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ጌታዬ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ይታጠብና ማር ይቀባ። እስኪሽር አትጫን" አለችው።

ሻምበሉ ቁስሉን በደንብ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ለበቅሎዋ ዐሥር ቀን ፈቃድ። ላንተ ሦስት።"

ሦስቱን ቀን ባለቤቲቱ በለቀቀችልን ክፍል ሰነበትን። በመጨረሻው ማለዳ ወደ ቡሬ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈርኋት። መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መንገዱ እስኪሰውራት ድረስ ቆማ ነበር የሄደችው።

ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። በሦስቱ ቀን ያየችውን ግን በአንድ ጊዜ አልጨረሰችልኝም። አንዱን አረም ስናርም ትነግረኛለች፣ ሌላውን ከዓመታት በኋላ። አንድ ቀን፣ ልጆቻችን ሁሉ ከተዳሩ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን ንዴቷ ሳይበርድላት ስንቋን ጠቅልላ ሳታነጋግረኝ ልትመለስ ተነሥታ እንደነበር ነገረችኝ።

"ታዲያ ምን አስቀረሽ?"

"ዝናብ። እስኪያባራ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ሳይዎት፣ ካፖርትዎን አውልቀው ለበቅሎዋ ደረቡላት።"

ይህን እኔ አላስታውሰውም። ካፖርት የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለከብት ማልበስ ያስቀጣ ነበር። አደረግሁት ወይስ ሌላ ወታደር እኔ መስሏት ነው? ደጋግሜ ጠይቄአታለሁ። "እርስዎ ነዎት፤ አይቻለሁ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።