ስሙ የተፋቀ ቺፕ

የበደለኝ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ጊዜውም ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሩዝ ታጭዶ እንዳለቀ፣ እኔ የነደፍኋቸውን ሳጥኖች ሊያሠራ አዲስ አበባ የሄደ ጊዜ። የወረታ ከተማ ሰው ወሬውን የሰማው ከእርሱ አፍ ስለሆነ የኔን እኔው እጽፈዋለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ ስጠግን ኖሬያለሁ። ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ርብ ሳይታሰብ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ወንዙ ሲነሣ ወደ ገበሬው ስልክ የሚደውል ሳጥን የሠራሁት ለዚህ ነው። የአሠራሩን ስዕል ማንም እንዲሠራበት በኢንተርኔት ለቀቅሁት። ለሥራው የሚሆነውን ገንዘብ ደግሞ በዚያው በኢንተርኔት ከየአገሩ ሰው እንዲያዋጣ ጠየቅን። ለመዋጮው በሠራነው ቪዲዮ ላይ ካውያ ይዞ የሚበይደው እጅ የኔ ነው፤ የሚናገረው ፊት የእርሱ።

"አንቺ ካሜራ ስታዪ ትቆጫለሽ፣ እትዬ። የተቆጣች አሮጊት ማን ይረዳል?" አለኝ።

ዝም አልሁ። ዛሬም የሚከነክነኝ ያ ዝምታዬ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን የመዋጮው ገጽ ላይ ራሴ አስጻፍሁ፦ ሳጥኑን ማንም ሰው ከፍቶ መጠገን ይችላል። ሰው ያዋጣው ያንን አምኖ ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ሲጋመስ አንዲት የርብ ዳር ገበሬ ሳጥኗን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። አምና ውኃው ሲመጣ አልደወለላትም፤ ሁለት ላሞች ተወሰዱባት። የቀረቻት አንዲት ጊደር ናት። ክረምቱ ሳይገባ እንድጠግንላት ለመነችኝ። ከፈትሁት። ሳጥኑን የሚያሠራው ቺፕ እኔ የመረጥሁት አይደለም፤ በላዩ የታተመው ስምም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ስሙን ካላወቅሁ በምን ልተካው? የሌሎችንም አስመጥቼ አየሁ፤ ሁሉም ያው። ርካሹን ገዝቶ፣ ጥገናው ሁሉ እርሱ ከተማው ላይ ወደ ከፈተው ሱቅ እንዲሄድ ስሙን አስፍቆታል።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ከደጄ እስከ አስፋልቱ እመላለሳለሁ፤ ወደ ጉና አያለሁ፤ ደመና ካየሁ እህል አይወርድልኝም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየያዝሁ ነገርሁ። የባሌ ወንድም ይህን ሲሰማ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው መጡ፤ እርሱም ጋቢውን አደግድጎ ከኋላ ቆመ። የሟቹን አጥንት እያነሡ ለመኑኝ። ካሣ ከፈለግሁም እንደሚቆርጡልኝ ነገሩኝ።

"ካሣ አልፈልግም፣ የኔታ" አልሁ ለትልቁ ሽማግሌ። "የቺፑን ስም ይንገረኝና እታረቃለሁ።"

የኔታ ወደ እርሱ ዞሩ። "ቀላል ነገር ነው የጠየቀችህ። ንገራት እንጂ።"

መሬት መሬት አየ። "ረሳሁት" አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የከብት ነጋዴ ናቸው። "የሰረቀውን በሬ መልክ የረሳ ሌባ ገና ዛሬ አየሁ" ብለው ሳቁ። የኔታ ገሠጿቸው። መርሳቱን እኔም አምኜዋለሁ፤ ለማስታወስ አልነበረማ የገዛው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሳጥኖቹን ሁሉ ሰበሰብሁ። ቺፑ ያለበትን የእርሱን ቦርድ እያወጣሁ በስዕሌ መሠረት በእጄ የበየድሁትን አስገባሁ። የሆነውን ሁሉ ለአዋጮቹ በገጹ ላይ ጻፍሁ። የሴትዮዋን ሳጥን ሰኔ ሳይገባ ርብ ዳር ሄጄ ተከልሁላት። ከባሌ ወንድም ጋር አልታረቅሁም።