የአባቴ መቃብርና የጎረቤቴ ገብስ

በዚያ ኮረብታ ላይ ያለውን የካቶሊክ መቃብር እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው በጎንደር ምድር አልተፈጠረም። ዓይኔን አስረው፣ አሹረው ቢለቁኝ እንኳ ማን የት እንደተኛ እናገራለሁ። ይህን ያልሁት ለቀበሌው የመሬት ባለሙያ ነው፤ እሱም አመነኝ።

ባለሙያው የመጣው ከአይከል መንገድ በላይ ያለውን ኮረብታ ለድንጋይ ማምረቻ ሊለካ ነበር። "መቃብር ከሆነ ይከለል፤ ያልተከለለውን ክፍት ቦታ ነው የምለው" ብሎ እስከ መስቀል ጊዜ ሰጠን። እኛ የምለው ከሚሲዮኑ የተረፍነውን ጥቂት ቤተሰቦች ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የሚሲዮኑ ፈረንጅ አባ ከአያቶቻችን ጋር ሠሩት፤ ቆርቆሮው ከጎንደር በአህያ ወጣ፣ ግድግዳው በድንጋይና በኖራ ቆመ። ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ነበረው። ኋላ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ክሊኒኩ ተዘጋ፣ የጣሪያውን እኩሌታ ነፋስ ወሰደው። አሁን አንድ ቄስ አልፎ አልፎ ከከተማ እየመጡ ይቀድሱልናል።

እናቴ ከእኔ ጋር ጎንደር ነው የምትኖር። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ኮረብታውን አልወጣችውም፤ ግን አቋሟ አንድ ነው። "ካባትህ ጎን ካልቀበርኸኝ ተነስቼ እመጣብሃለሁ" ትለኛለች። ትመጣለችም።

ስለዚህ የድንጋይ ካብ ልንክብ ቆርጠን ተነሳን። እኔ ከአባቴ መቃብር ጀምሬ ሲባጎ ወጠርሁ። ከታች ገብስ የዘራው ጎረቤታችን፣ እሱ እንኳ ኦርቶዶክስ ነው፣ ዶማውን ይዞ ሊያግዘን መጣ። እናቴም በበቅሎ ካልወጣሁ ብላ ወጣች። ገና ሳትወርድ ሲባጎውን አየችና ጮኸች።

"ምነው ልጄ፣ አባትህን ውጭ ጣልኸው?"

"እማዬ፣ አባቴማ ይኸው!" አልሁና የተደረደሩትን ድንጋዮች አሳየኋት።

ጎረቤታችን ሳቀ። "ይኸማ የሚሲዮኑ የኖራ ማቡኪያ ጉድጓድ ነው። ያባትህን የቆፈርሁ እኔ አይደለሁ?" አለና ዶማውን ሰነዘረ። ከሥሩ እንደ አይብ የነጣ ኖራ ወጣ።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ጎረቤት ነው የሚቆፍር። አባቴ የሞተ ቀን እኔን ሁለት ጎረምሶች ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ይዘውኝ ነበር፤ ካፈር ሲገባ አላየሁም። ቦታውን በኋላ በገዛ ራሴ ገመትሁት።

"እንግዲያ የት ነው፣ አያ?" አልሁት።

ሰውዬው ራሱን አከከ። ከዚያ በዶማው እጀታ ወደ ራሱ ገብስ ጫፍ ጠቆመ። እኔ በሆዴ ክርክሩ ከወረዳ እስከ ሰበር ሰሚ ሲሄድ አየሁት።

"አርሰኸዋል?" አለች እናቴ።

"ጫፉን ነካ አድርጌው ይሆናል፣ እናቴ። ገብሱ ይታጨድና እመልሳለሁ።"

"ገብሱ ይቆያል። የማልቆየው እኔ ነኝ።"

ጎረቤታችን ማጭዱን አስመጥቶ እሸቱን ገብስ በገዛ እጁ አጨደና ለበቅሎዋ ሰጣት። ሲባጎውን ወደ ታች አወረድነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ጭቃው ቢያንሸራትተን ካቡን ሳንጨርስ አልተውነውም። ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ ዙሪያውን አይቶ "መቃብር ነው" አለና መለኪያውን ጠቀለለ።

እናቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ቦታዋን በእጇ ዳበሰች። "ሸጋ ነው፤ ፀሐይም ያገኘዋል" አለች።

ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረ። "ግን አንተ በየዓመቱ እዚያ ማቡኪያ ላይ ተደፍተህ የምታለቅስ ለምን ነበር? እኔስ ለቤተ ክርስቲያኑ መፍረስ መስሎኝ።"

"ለአባቴ ነበር" አልሁት።

እውነቱ ይኸው ነው። ሚስት አግብቼ፣ ልጆች አድርሼ፣ ጠጉሬ ሸብቶ፣ በየዓመቱ ሻማ እያበራሁ በጉልበቴ ተንበርክኬ ያለቀስሁ ለኖራ ነው።