የሙሽሪት አውራ ጣት

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር እጅ የማታስገባ ክፍተት አለች፤ የድሬ ፀሐይ በዚያች እንደ ስለት ትገባለች። አንዱ ጥግ ላይ ጄሪካን፣ ሌላው ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው ለምን እንደሆነ ሽታው ይናገራል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግን ይህን አልነበረም። ጉልበት ላይ የተቀመጡ ሁለት እጆችን ነው ያየሁት፤ እስከ ክንድ በአበባና በሐረግ ያጌጡ፣ ጣቶቻቸው የጠቆሩ። የራሴ ሥራ ነበሩ። በምርጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተረት እያወራሁ የቀባኋቸው።

እኔ ሂና ቀቢ ነኝ። ልጅቱ ደግሞ አሸዋ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ የሱማሌ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ሐሙስ ልትዳር ነበር። ስሟን አልጽፍም፣ ሙሽሪት እላታለሁ።

የዚያን ቀን ምርጫ ነበር። የእኛ ምርጫ ክልል የደቻቱን ወንዝ ወዲያና ወዲህ ይዞ የተዘረጋ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ግማሹ መራጭ ከግማሹ ጋር አይገናኝም። ተመራጮቹ ግን ሁሌም ከከዚራ፣ ከሹማምንቱ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነበር የሚመጡልን። ያን ዓመት ከሰፈራችን አንድ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ በግሉ ተወዳደረ፤ ሰፈሩ ሁሉ «የኛ ሰው» አለው። ሌላው እጩ የባለሥልጣኖቹ ሰው ነበር።

መርጦ የወጣ ሰው ዳግመኛ እንዳይመርጥ አውራ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይደረግበታል። የሙሽሪት አውራ ጣት ደግሞ በእኔ እጅ ቀድሞ ጠቁሯል። ገብታ መረጠች፤ ቀለሙን አደረጉላት፣ ጥቁር በጥቁር ላይ። ስትወጣ በር ላይ የቆመ አንዱ «የታለ ቀለምሽ?» አላት። ጓደኞቿም እንደ እሷ ተቀብተው ሰልፍ ላይ ነበሩ። እነሱ ሳይመርጡ ተባረሩ። «ሂናውን የተቀቡት ደጋግመው ሊመርጡ ነው» ተባለ። ወሬው መቼስ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ብዙም ሳይቆይ «ቀቢዋ የታለች?» ብለው ፖሊሶች መጡብኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። አረፋው ከእጄ ሳይወርድ ጀርባዬን በሰደፍ ብለው መኪና ላይ ጫኑኝ።

«ኤዶ፣ አንቺንም?» አለችኝ ሙሽሪት። ኤዶ ማለት በእነሱ ቋንቋ አክስት ነው።

«እኔንማ! አንቺ ተቀባሽ እንጂ ወንጀሉን የሠራሁት እኔ አይደለሁ?»

ሳቀች። ከትከት ብላ ሳቀች፣ እዚያ ሽታ ውስጥ።

መርማሪው ከንፈሩ ዳር የጫት አረንጓዴ የደረቀበት ሰው ነበር። ሁለታችንንም አንድ ላይ አቆመን።

«ማነው የላከሽ?» አለኝ።

«የሙሽራዋ እናት ናት የጠራችኝ፣ አለቃ። ሰርግ አለባቸው።»

በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ጭው ይላል።

«መካኒኩ ልኮኝ ነው በይ። እሷ ሁለቴ መርጫለሁ ትበል። በስልክ እንቀርጻችኋለን፣ ትሄዳላችሁ።»

«ወላሂ አንዴ ነው የመረጥኩት» አለች ሙሽሪት።

«እንግዲያው ቀለሙን አሳይኝ!»

በረኪናና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አስመጣ። ሂና እንዲህ እንደማይለቅ፣ ቆዳው ራሱ አርጅቶ እስኪረግፍ እንደሚቆይ ነገርኩት። በክርኑ ደረቴን ብሎ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። አንድ ጠባቂ የሙሽሪትን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘ፤ መርማሪው አውራ ጣቷን በረኪና ውስጥ እየነከረ ይፈገፍግ ጀመር። ያረረ ድስት የሚያጥብ ነበር የሚመስለው፤ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ሥራዬ ብሎ። ሂናው ለቀቀ። ከቆዳው ጋር ነው የለቀቀው። ከሥሩ የወጣው ቀለም ቀይ ነበር። ሙሽሪት ተንበረከከች፤ ክንዷ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተያዘ ነው። በሱማሌኛ አንድ ቃል ትደጋግማለች። እናቷን ነበር የምትጠራው።

ከሰዓት በኋላ የጎሳዋ ሽማግሌዎች ሽርጣቸውን አገልድመው መጥተው ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። አይጮሁም፣ አይለምኑም። ዝም ብለው ተቀመጡ። ይህን አንዲት ሴት ጠባቂ ውሃ ስታቀብለን ነው የነገረችን። መርማሪው ጭንቅ እንደያዘው ያወቅሁት እንደገና ሲያስጠራን ነው። እኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመኝና ሙሽሪትን ወንበር ላይ አስቀመጣት። ድምፁ ማር ሆኗል።

«ስሚኝ እህቴ። አንቺ የነጋዴ ልጅ ነሽ፤ የነጋዴ ልጅ ሰላም ነው የሚፈልገው። የመረጥሽው የእኛን ሰው ነው፣ አይደል? አዎ በይኝ ብቻ። ስህተት ነበር ብዬ በራሴ መኪና ለሽማግሌዎቹ አስረክብሻለሁ።»

ዝም አለች።

«መካኒኩን ነው?»

ዝም አለች።

«ዱዳ ነሽ እንዴ? ማንን መረጥሽ?»

«አልናገርም» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ እየረዳሁሽ ነው!»

«አልናገርም።»

ግድግዳው ላይ የተላጠ ሰማያዊ ቀለም ነበር። እሱን አየሁ። የውሃ ጎማ ሲወርድ መጀመሪያ አየሩን ያፏጫል፣ ቀጥሎ ሥጋ ላይ ያርፋል። እየቆየ ፉጨቱና ማረፊያው አይለይም። ወንበሩ ወደቀ። «ማንን?» ይላል፣ ይመታል። «ማንን?» በመጨረሻ ኦቾሎኒ ሲፈለፈል ዓይነት ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር አልኩ። ጫማው አፏ ላይ ነበር።

ወደ ክፍላችን መልሰው ጣሉን። ከጄሪካኑ እየቀዳሁ አፏን አጠብኩላት። የፊት ጥርሷ ተሰብሯል፤ ስባሪውን በምላሷ ፈልጋ መዳፏ ላይ ተፋችው። እኔ እያለቀስኩም እየተቆጣሁም ነበር።

«ዋሺው፣ ልጄ! የእናንተን ሰው ነው የመረጥኩት በይው! ለእንዲህ ያለ አውሬ መዋሸት ምን ኃጢአት አለው?»

«ውሸት አይሆንም ነበር፣ ኤዶ» አለች።

አልገባኝም። «ምኑ?»

«የነሱን ሰው ነው የመረጥኩት።»

እጄ ውስጥ የያዝኩት ውሃ ሁሉ ፈሰሰ። «አንቺ! ታዲያ ምን አፍሽን ዘጋው? ይሄኔ ቤትሽ ነበርሽ እኮ!»

ከንፈሯ አብጦ ቃሉ አልወጣ ይላት ነበር፤ ቀስ እያለች ተናገረች። «መጋረጃው ውስጥ ብቻዬን ነው የገባሁት። አባቴ ውጪ ቀረ። ወንድሜ ውጪ ቀረ። ሱቅ ብሄድ፣ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ይገባል። እዚያ ማንም አልገባም። እሱ ማነውና ነው የሚገባው?»

ከጄሪካኑ እንደገና ቀዳሁላት። ምን ላድርግ ወሬ መውደዴ ነው፣ መካኒኩን ለምን እንደተወችው ጠየቅኳት።

«ይጮሃል፣ አቦ። ማጉያውን ሲይዝማ አይጣል። የሚጮህ ሰው አልወድም።»

ፀሐይዋ ከክፍተቷ ሳትወጣ እኔን ብቻዬን ጠሩኝ።

«አብራችሁ ነው ያላችሁት» አለ መርማሪው። «ሴት ደግሞ ወሬ አትቋጥርም። ማንን መረጠች? የእኛን ሰው ካልሽኝ ሁለታችሁም አሁኑኑ ትወጣላችሁ።»

ምን ልበላችሁ። አንድ ቃል ነው። ውሸት የለበትም፣ ማንንም አይጎዳም፣ ሁለታችንንም ያስወጣል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሰፈሬ የሚያውቀኝ ሰው ቤት የሰማሁትን ከበሩ ሳልርቅ የማወራ ሴት መሆኔን ነው። ግን ያቺ ልጅ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻዋን የገባችበትን ቦታ እኔ በሩን ልከፍትለት ነው? ለዚህ የጫት አፍ?

«እኔ መጋረጃው ውስጥ አልነበርኩም» አልኩት።

ጸጉሬን ይዞ መሬት ጣለኝ። ቀኝ እጄን አስዘርግቶ ጣቶቼ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ሲጋራ እንደሚያጠፋ ሰው ተረከዙን አዞረው። የተሰበሩት መሃለኛውና ጠቋሚው ናቸው። ጮኼያለሁ፤ አልዋሻችሁም፣ ሽማግሌዎቹ ውጪ ሆነው ሰምተውኛል። ሌላ ነገር ግን ከአፌ አልወጣም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠባቂዋ በሩን ከፈተችው። «ቆጠራው አልቋል፣ ውጡ» አለች። የእነሱ ሰው አሸንፏል። መርማሪው ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ስናልፍ ቀና ብሎም አላየን። ቆጠራው ካለቀ እኛ ለምንም አንፈለግም።

ጠባቂዋ፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሙሽሪትን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ «አፍሽን በሻርፑ ሸፍኚው፣ ሽማግሌዎቹ እንዳያዩ» አለቻት። ሙሽሪት ትከሻዋ ላይ ያለውን ሻርፕ አወረደች። አፏን ይዛበታለች ስል የእኔን እጅ ጎትታ ጠቀለለችበት፤ በጥርሷ ልትቋጥረው ብላ ጥርሷ ስላመማት በጣቶቿ ቋጠረችው። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ያበጠ አፏን ለፀሐይ ሰጥታ በሽማግሌዎቹ መሃል አለፈች። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ተነስተው ቆሙላት።

ሰርጉ ሐሙስ ዋለ።

ጣቶቼ ጠማማ ሆነው ድነዋል። ሂና መቀባት በግራ እጄ ተለማመድኩ። ሐረጉ ትንሽ ይወላገድብኛል፤ ልጃገረዶቹ አዲስ ሞድ መስሏቸው እንደዚያ ካልሆነ አይሉም።

ከዓመታት በኋላ በአንዱ ክረምት ደቻቱ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር አጥሮች ጠራርጎ ሲወስድ ተመራጩ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ሙሽሪት፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ተነስታ የጎርፍ መከላከያው ግንብ መቼ እንደሚሠራ ጠየቀችው።

«የእናንተ ሰፈር ድምፁን የሰጠው ለሌላ ሰው ነው» አላት ተመራጩ፣ እየሳቀ። «አሁን በምን ፊታችሁ ትጠይቁኛላችሁ?»

አጨብጫቢዎቹ አጨበጨቡ። ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ሙሽሪት ቀሚሴን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። እሷ ግን እንደቆመች ናት።

«ጎርፉ ማን ማንን እንደመረጠ አይጠይቅም» አለችው። «ግንቡ መቼ ይሠራል?»

ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረ። ግንቡም አልተሠራም።

ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ሳወራ ኖሬ ይህን አንዱን፣ ማንን እንደመረጠች፣ ለማንም ሳልነግር ዓመታት አለፉ። ልጽፈው ስፈልግ ሱቋ ድረስ ሄጄ አስፈቀድኳት። ጨርቅ እየለካች ነበር፤ መቀሱን ሳታስቀምጥ ትንሽ አሰበች።

«ጻፊው፣ ኤዶ። የተመራጩ ዘመን እያለቀ ነው። በሚቀጥለው ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ግን ላንቺም አልነግርሽም።»

አልጠየቅኳትም።